የኦሎንጋፖ ትዝታና መዝገብ፦ የአሜሪካ ባሕረኞች የወደብ ፈቃድ በፊሊፒንስ (1945–1992)

በፊሊፒንስ የሉዞን ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከማኒላ በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኦሎንጋፖ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ አንሥቶ እስከ 1992 ድረስ የአሜሪካ ሰባተኛው የጦር መርከቦች ጓድ ባሕረኞች ፈቃድ አግኝተው ወደ ምድር የሚወርዱባት ከተማ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚያ ባሕረኞች መካከል በሕይወት ያሉት አብዛኞቹ ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። በአንድ መርከብ ያገለገሉ ጓደኛሞች ተሰባስበው ሲጨዋወቱም ሆነ ማስታወሻቸውን ሲጽፉ፣ ከውጊያው እኩል፣ አንዳንዴም ከውጊያው አስበልጠው የሚያነሡት ይህችኑ ከተማ ነው። ድልድዩ፣ ከድልድዩ ሥር የሚፈሰው ቆሻሻ ውሃ፣ የሙዚቃ ባንዶቹ፣ የሳን ሚጌል ቢራ፣ በቀለም ያሸበረቁት ጂፕኒ የሚባሉ ታክሲዎች፣ የቡና ቤቶቹ ሴቶች በየትረካው ይመላለሳሉ።

እንዲህ ያለውን ትዝታ የጡረተኞች ወግ ነው ብሎ አቃልሎ ማለፍም፣ እንዳለ ተቀብሎ ታሪክ ማድረግም የጥናት ሥራ አይደለም። ከፊታችን ሦስት ዓይነት ምስክሮች ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ ባሕረኞቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ብዙ ያዩና በዝርዝር የሚያስታውሱ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ የቆዩ ናቸው። ሁለተኛው የመንግሥታት መዝገብ ነው፤ ውሎች፣ የመርከብ መዝገቦች፣ የምክር ቤት ምርመራዎች በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ሦስተኛዎቹ የከተማይቱ ሰዎች፣ በተለይም በቡና ቤቶቹ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ የእነርሱ ቃል በስፋት መሰብሰብ የጀመረው በአጠገቧ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሊዘጋ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነበር። ሦስቱ ስለ አንዲት ጎዳና ሲናገሩ በብዙ ዝርዝር ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ያ ሁሉ ለምን ሆነ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን ዘመን በዘመን እየተከተለ ይመዝናል።

የኦሎንጋፖ ጅማሬ ራሱ ከጦር መርከብ ተነጥሎ አይታይም። የስፔን ንጉሣዊ ድንጋጌ በ1884 ከተማዋ የምትገኝበትን የሱቢክን ወሽመጥ የባሕር ኃይል ወደብ አደረገው፤ በማግስቱ ዓመትም የመርከብ ማደሻና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ግንባታ ተጀመረ። የዚያ ዘመን የድንጋይ በር ዛሬም አልፈረሰም። በ1898ቱ ጦርነት ስፔን ተሸንፋ ፊሊፒንስ በአሜሪካ እጅ ስትወድቅ፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1901 ወሽመጡንና ዙሪያውን ለባሕር ኃይል የተከለለ መሬት እንዲሆን አዘዙ። በ1906 ዲዊ የተባለው ግዙፍ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በመርከብ እየተጎተተ መጥቶ እዚያው ተተከለ። ጃፓኖች በ1942 መጀመሪያ ከተማዋን ያዙ፤ አሜሪካኖች በጥር 1945 ተመለሱባት። እንግዲህ ከ1945 በኋላ ለፈቃድ የወረደው ባሕረኛ ያገኛት ከተማ፣ አስቀድሞም ለወታደራዊ ወደብ ስትባል የተቆረቆረች ነበረች።

ለቀጣዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሠረት የጣለው ሰነድ መጋቢት 14 ቀን 1947 የተፈረመው የጦር ሰፈሮች ስምምነት ነው። ፊሊፒንስ ነጻነቷን ካወጀች አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተፈረመው ይህ ውል፣ ሱቢክን ጨምሮ በርካታ ሰፈሮችን ለ99 ዓመት ያለ ኪራይ ለአሜሪካ ሰጠ፤ በወታደሮቹ ላይ የሚነሡ ወንጀሎችን የመዳኘት ሥልጣንም በአመዛኙ ለአሜሪካ ተወ። ለንጽጽር ያህል፣ ኢትዮጵያ በአስመራው የቃኘው ጣቢያ ጉዳይ ከአሜሪካ ጋር በ1953 የፈረመችው ስምምነት የ25 ዓመት ነበር፤ የፊሊፒንሱም በ1966 በተደረገ ማሻሻያ ወደ 25 ዓመት ዝቅ በማለቱ ማብቂያው 1991 እንዲሆን ተወሰነ። ባሕረኞቹ ሲያወጉ ይህን ውል አያነሡትም ማለት ይቻላል። ሆኖም በጎዳናው ላይ ሥርዓት አስከባሪው የራሳቸው ባሕር ኃይል ጠባቂ እንደነበር፣ ጥፋት ያጠፋ ሰው ወደ መርከቡ ተወስዶ በአዛዡ ፊት ይቀርብ እንደነበር ሁሉም ይናገራሉ። እንደ ልማድ የሚያወሱት ይህ አሠራር ከሕግ አንቀጽ የመነጨ ነበር።

በ1950ዎቹ የነበረውን ሁኔታ በተመለከተ ሁለቱ ትዝታዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። በኮሪያ ጦርነት ዘመን ያገለገሉ ባሕረኞች ኦሎንጋፖን ጸጥተኛ፣ አቧራማና ሥርዓት ያላት አነስተኛ ከተማ አድርገው ይሥሏታል፤ በኋላ ከመጡት ትረካ ጋር ሲያነጻጽሩትም ‘የእኛ ጊዜ ደግ ነበር’ ወደሚል ድምዳሜ ያዘነብላሉ። የከተማዋ ነዋሪዎች ትዝታ ሌላ ነው። ኦሎንጋፖ እስከ 1959 ድረስ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምትተዳደር የተከለለ ይዞታ ስለነበረች፣ ነጻ በወጣ አገር ውስጥ ሆነው በውጭ አገር መኮንን ትእዛዝ የሚኖሩ፣ ሲገቡና ሲወጡ ማለፊያ የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱንም እውነት አድርገን እንቀበላለን፤ ባሕረኛው ያደነቀው ጸጥታና ነዋሪው የተማረረበት ቁጥጥር ከአንድ አስተዳደር የወጡ ናቸውና።

በዚያው አሥርት ዓመት የመልክዓ ምድሩም ገጽ ተለወጠ። ከ1951 እስከ 1956 ድረስ የባሕር ኃይሉ የግንባታ ጓዶች በወሽመጡ ዳር ባለው ኩቢ ፖይንት ተራራ ቆርጠው፣ ባሕር ደልድለው፣ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ወደ መርከብ ማቆሚያው ተጠግተው የሚቆሙበትን የአየር ጣቢያ ሠሩ። በሥፍራው የነበረው የባኒካይን መንደር ተነሥቶ ወደ ኦሎንጋፖ ተዛወረ። ለግንባታው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። ይህ ሥራ ባይጠናቀቅ ኖሮ ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣውን የቬትናም ጦርነት ጫና ወደቡ ሊሸከም እንደማይችል ግልጽ ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1959 ከተማዋ ለፊሊፒንስ መንግሥት ተላለፈች፤ ሰኔ 1 ቀን 1966 በሕግ የከተማ መብት አገኘች። ለዚህ ርክክብ ከታገሉት መካከል አባቱ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደር የነበረው ጄምስ ጎርደን ቀዳሚው ነው፤ በ1963 ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ በየካቲት 1967 ተገደለ። ርክክቡ አንድ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። ባሕር ኃይሉ የከተማይቱን አስተዳደር ሲለቅ የከተማይቱን ገበያ አልለቀቀም፤ አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ከመርከቦቹ ሌላ የሚተማመንበት የገቢ ምንጭ አልነበረውም። ስለዚህ ከ1959 በኋላ ለቡና ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠውና ቀረጥ የሚሰበስበው የፊሊፒንስ ባለሥልጣን ሆነ፤ ደንበኛው ግን ያው ነበር። ኃላፊነቱ በሁለት መንግሥታት መካከል መከፈሉ፣ በኋላ እንደምናየው፣ ሁለቱም እንዲክዱት በር ከፈተ።

ወደ ቬትናም ዘመን ስንደርስ ትዝታውም ቁጥሩም ይበዛል። በ1964 በወር በአማካይ 98 የነበረው የመርከቦች ጉብኝት በ1967 ወደ 215 አድጓል፤ በማንኛውም ቀን ወደ 30 የሚጠጉ መርከቦች በወደቡ ይገኙ ነበር። በ1967 ብቻ 4,224,503 ባሕረኞች ሱቢክን ጎበኙ የሚለው አኃዝም በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። የአኃዙ እስከ መጨረሻዋ አሃድ መቆጠር እምነት የሚያሳድር ቢመስልም፣ መመርመር ይኖርበታል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠቅላላ ሠራዊት 750 ሺህ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሰዎች ሊሆን አይችልም። በወር 215 ጉብኝት በዓመት 2,580 ይሆናል፤ አኃዙን ለዚህ ብናካፍለው ለአንድ ጉብኝት ከ1,600 በላይ ሰው ይደርሳል። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ቢይዝም፣ በብዛት ይመላለሱ የነበሩት አጥፊ መርከቦች የሚይዙት 300 ያህል ነው። ከዚህ ተነሥተን ስንገምት፣ አኃዙ እያንዳንዱን ከጦር ሰፈሩ በር መውጣት ለብቻው የሚቆጥር ይመስላል፤ ለሦስት ምሽት የወጣ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ አኃዙ ከንቱ አይሆንም፤ አንድ ጠባብ ድልድይ በዓመት ምን ያህል እግር እንደረገጠው ይነግረናልና።

ያ ድልድይ በጦር ሰፈሩ በርና በከተማዋ ዋና ጎዳና በማግሳይሳይ መካከል ነበር። ከሥሩ ያለው የፍሳሽ ቦይ ሽታው የማይረሳ እንደነበር የማይመሰክር የለም። በቦዩ ላይ በትንንሽ ታንኳ የተቀመጡ ልጆች ከላይ የሚወረወርላቸውን ሳንቲም ለመያዝ ወደ ቆሻሻው ውሃ ይጠልቁ ነበር። ድልድዩን አልፎ የሚገኝ አንድ ቡና ቤት ደጁ ላይ አዞ ያረባ እንደነበር፣ ባሕረኞችም ጫጩት እየገዙ ይጥሉለት እንደነበር፣ በተለያየ ዓመት በተለያየ መርከብ ያገለገሉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቃል ይናገራሉ። እንዲህ ያለው ስምምነት ለአንድ ዝርዝር ጠንካራ ማስረጃ ነው። በአንጻሩ፣ በየመንገዱ በከሰል እየተጠበሰ ይሸጥ የነበረው ሥጋ የዝንጀሮ ነበር የሚለው ወሬ እኩል ቢደጋገምም፣ ምንጩ አዲስ ገቢዎችን ለማስደንገጥ በነባሮቹ ይነገር የነበረ ቀልድ ነው፤ ሥጋው የአሳማ ወይም የዶሮ ነበር። ስለዚህ የድግግሞሽ ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ተናጋሪው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ የሚለው መለየት አለበት።

የዋጋ ትዝታም እንዲሁ ማስተካከያ ይሻል። አንዱ ባሕረኛ ኦሎንጋፖ በነጻ የምትሰጥ ያህል ርካሽ ነበረች ሲል፣ ሌላው በአንድ ሌሊት የወር ደመወዙን ጨርሶ እንደተመለሰ ይናገራል። የምንዛሪው ታሪክ ሁለቱን ያስታርቃል። በ1960ዎቹ አንድ ዶላር ወደ 3.90 ፔሶ ነበር፤ በ1970 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ6 ፔሶ በላይ ሆነ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 20 ደረሰ። በ1967 የወረደውና በ1985 የወረደው ሰው በአንድ ዶላር የገዙት የተለያየ ነበር። ከዚህ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ለባሕረኛው ርካሽነት የሆነው የፔሶ መውደቅ ለቡና ቤቷ ሠራተኛ የኑሮ ውድነት እንደነበር ነው።

ትዝታው ደስታውን አጉልቶ የሚያሳየው ለምን እንደሆነ መዝገቡ ያመላክታል። ጥቅምት 26 ቀን 1966 በኦሪስካኒ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ በተነሣ እሳት 44 ሰዎች ሞቱ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1967 በፎረስታል ላይ 134 ሰዎች አለቁ፤ ሁለቱም መርከቦች ከአደጋው በኋላ ያመሩት ወደ ሱቢክ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1969 ፍራንክ ኢ. ኢቫንስ የተባለው አጥፊ መርከብ ከአውስትራሊያው ሜልቦርን ጋር ተጋጭቶ 74 ባሕረኞች ሲሰጥሙ፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ ምርመራ የተካሄደው እዚያው ሱቢክ ነው። በባሕር ላይ ለሳምንታት በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ሠርቶ፣ ጓደኞቹን በላስቲክ ተጠቅልለው አይቶ ለወረደ የ19 ዓመት ወጣት ሦስት ቀን ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ይህን ማስተዋል ባሕረኛው በከተማው ያደረገውን ሁሉ ለማጽደቅ አይበቃም፤ የትዝታውን ቅርጽ ለመረዳት ግን የግድ ነው።

የ1972 መኸር ለምንጭ ምርመራ ልዩ ቦታ የሚሰጠው ወቅት ነው። ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ ወታደራዊ አገዛዝ ያወጁበት ድንጋጌ መስከረም 21 ቀን ተጻፈ ቢባልም ለሕዝብ የተነገረው መስከረም 23 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥር ሰዓት ሰዓት እላፊ ተደነገገ። አንዳንድ ባሕረኞች በ1960ዎቹም ሰዓት እላፊ ነበር ሲሉ፣ ሌሎች ይህን አጥብቀው ይክዳሉ። ሁለቱም ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከአዋጁ በፊትም ባሕር ኃይሉ ዝቅተኛ ማዕርግ ያላቸውን ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ መርከብ እንዲመለሱ ያዝ ነበርና፣ ተራው ባሕረኛ የሚያስታውሰው የአለቃውን ትእዛዝ፣ የበላይ ሹሙ የሚያስታውሰው የመንግሥትን አዋጅ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኪቲ ሆክ የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከሱቢክ ወደ ቬትናም ጠረፍ ተጓዘ። መርከቡ ከየካቲት ጀምሮ በግዳጅ ላይ ነበር፤ በሌሎች ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ላይ በተፈጸመ አሻጥር ምክንያት ወደ አገር የመመለሻ ጊዜው ተራዝሞበታል። ከመነሣቱ በፊት በነበረው ምሽት በጦር ሰፈሩ የተራ ባሕረኞች ክበብ በጥቁሮችና በነጮች መካከል ጠብ ተነሣ፤ ጥቅምት 12 ሌሊት ጠቡ በመርከቡ ላይ አገርሽቶ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ቆሰሉ። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በጥር 1973 ባወጣው ሪፖርት ምክንያቱ የዲሲፕሊን መላላት ነው፤ የዘር መድልዎ ለጠቡ መነሻ ስለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም አለ። ጥቁር ባሕረኞች የሚያስታውሱት ሌላ ነው፤ የከበደውና የቆሸሸው ሥራ ለእነርሱ መመደቡን፣ ከጠቡ በኋላም መጀመሪያ የተከሰሱት ሁሉ ጥቁሮች መሆናቸውን ይጠቅሳሉ።

በዚህ ክርክር ኦሎንጋፖ ራሷ ምስክር ሆና ትቀርባለች። ነጭ ባሕረኞች በማግሳይሳይ ጎዳና ሲዝናኑ፣ ጥቁሮቹ የሚሄዱበት ‘ጫካው’ የሚባል የተለየ ሠፈር ነበር፤ ይህን የሁለቱም ወገን ትዝታ ያረጋግጣል። መለያየቱን ያመጣ የፊሊፒንስ ሕግ አልነበረም። የዋናው ጎዳና ባለ ቡና ቤቶች የነጩን ደንበኛ ገንዘብ ላለማጣት ሲሉ ሠራተኞቻቸውን ከጥቁር እንዳይቀራረቡ ያደርጉ ነበር፤ ባሕረኞቹ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አጥር በባዕድ ከተማ ላይ እንደገና ታጠረ። የኮሚቴው ምርመራ በዋናነት በመርከብ ላይ በሆነው ላይ ያተኮረ መሆኑን ስናስብ፣ ‘ማስረጃ አልተገኘም’ የሚለው ቃል ፍለጋው ከተደረገበት ቦታ በላይ ሊለጠጥ እንደማይገባው እንፈርዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ቅራኔ ደርሰናል። በፊሊፒንስ የወንጀል ሕግ ሴተኛ አዳሪነት የተከለከለ ነበር። ኦሎንጋፖ ግን ቡና ቤቶችን በፈቃድ፣ ሴቶቹንም በአስተናጋጅነት ትመዘግብ ነበር፤ እያንዳንዷ ሠራተኛ በከተማው የጤና ክሊኒክ በየጊዜው እየተመረመረች ካርድ እንድትይዝ ትገደድ ነበር፤ ባሕር ኃይሉም ክሊኒኩን ይደግፍ ነበር። ባሕረኛው ከሴቲቱ ጋር ለመውጣት ለቡና ቤቱ የማስወጫ ክፍያ ይከፍላል፤ ለእርሷ የሚደርሳት ከፊሉ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ የተመዘገቡት ሴቶች 9 ሺህ ያህል እንደነበሩ ይነገራል፤ ያልተመዘገቡትን የሚጨምሩ ግምቶች ወደ እጥፍ ይጠጋሉ። ሴቲቱ የምትይዘውን ዓይነት ካርድ ባሕረኛው እንዲያሳይ አይጠየቅም ነበር። ከዚህ የአሠራር ዝርዝር በላይ የሥርዓቱን ዓላማ የሚገልጽ ሰነድ መፈለግ አያሻም፤ ቁጥጥሩ የተዘረጋው የመርከቡን ሰው ከበሽታ ለመጠበቅ ነበር።

የአሜሪካን ባለሥልጣናት ስትጠይቅ የከተማው ጉዳይ ነው ይላሉ፤ የከተማውን ስትጠይቅ የጦር ሰፈሩ ውጤት ነው ይላሉ። ባሕረኞቹ ደግሞ በአብዛኛው ሴቶቹን ደስተኞች፣ ፈቅደው የመጡ፣ አንዳንዴም ፍቅረኞች አድርገው ያስታውሷቸዋል። ሳንድራ ስተርደቫንትና ብሬንዳ ስቶልትስፈስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ የሰበሰቡት የሴቶች ቃል፣ በ1987 በኦሎንጋፖ የተከፈተው ቡክሎድ የሴቶች ማእከል ከሚያውቀው ጋር ተዳምሮ፣ ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ብዙዎቹ የመጡት ከሳማር፣ ከሌይቴና ከመሳሰሉት ድኻ አውራጃዎች ነው፤ አንዳንዶቹ የቤት ሠራተኛ ወይም የምግብ አስተናጋጅ ትሆናላችሁ ተብለው ነበር፤ ለጉዞና ለልብስ የተሰጣቸው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ከሚያስቀዱት መጠጥ ድርሻ እንጂ።

ይሁን እንጂ ለሚዛናዊነት ሲባል የሴቶቹም ቃል አንድ ወጥ አለመሆኑን መመስከር አለብን። ገንዘብ ለእናቷ የላከች፣ ወንድሞቿን ያስተማረች፣ ያገባችና አሜሪካ የሄደች አለች፤ ልጅ ወልዳ፣ አባቱ ከመርከቡ ጋር ሄዶ የቀረባትም አለች። ባሕረኛው ያየው ፈገግታ ሐሰት ነበር ማለት ሴቲቱን ከሰውነት ማሳነስ ይሆናል፤ ፈገግታውን ለፈቃደኝነት ማስረጃ ማድረግ ግን አይቻልም፤ የዕለት ጉርሷ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነበርና። በዚህ ነጥብ የሁለቱ ምስክሮች አቋም እኩል አይደለም። እርሱ ሦስት ሌሊት አይቶ ሄዷል፤ እርሷ ዓመታት ኖራበታለች። ስለዚህ ስለ ሴቶቹ ሕይወት ሁለቱ በሚጋጩበት ሁሉ የእርሷን ቃል እናስቀድማለን።

ስለ ልጆቹ ግን የሰነዱ ዝምታ ራሱ ይናገራል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1982 ከአሜሪካውያን አባቶች ለተወለዱ የእስያ ልጆች የመግቢያ ዕድል የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ ኮሪያን፣ ቬትናምን፣ ላኦስን፣ ካምቦዲያንና ታይላንድን ጠቀሰ፤ ፊሊፒንስን ተወ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በከተማይቱ ፕሬዳ የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት አየርላንዳዊው ቄስ ሼይ ከለን በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል ሲያጋልጡ፣ የከተማው ሹማምንት የተቆጡት በበዳዮቹ ላይ ሳይሆን የከተማዋን ስም አጠፉ በተባሉት ቄስ ላይ ነበር። ባሕረኞቹ በድልድዩ ሥር የሚጠልቁትን ልጆች ሲያነሡ ብዙዎቹ በኀፍረት ያነሷቸዋል፤ ይህም ለትዝታቸው ክብር የሚጨምር ነው።

የፍጻሜው ታሪክም አከራካሪ ነው። ብዙ ባሕረኞች ሱቢክን የዘጋው ሰኔ 15 ቀን 1991 የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ነው ይላሉ፤ የፊሊፒንስ ብሔርተኞች ደግሞ ክብሩን ለሴኔታቸው ይሰጣሉ። ቅደም ተከተሉን ስንመረምር፣ ማርቆስ ከወደቁ በኋላ የጸደቀው የ1987 ሕገ መንግሥት ከ1991 በኋላ የውጭ ጦር ሰፈር ሴኔቱ ባጸደቀው ውል ካልሆነ በቀር እንዳይኖር ደንግጓል። እሳተ ገሞራው ክላርክ የተባለውን የአየር ኃይል ሰፈር በአመድ ቀብሮ አሜሪካኖች እንዲተዉት አደረገ። ሱቢክም አመድ ወረደበት፤ ሆኖም ጸድቶ ሥራ ቀጠለ፤ አሜሪካም በዓመት 203 ሚሊዮን ዶላር እየከፈለች አሥር ዓመት ለመቆየት ተስማማች። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ ውሉን ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ የኦሎንጋፖ ከንቲባ ሪቻርድ ጎርደንና በርካታ የከተማዋ ሰዎችም ሰፈሩ እንዲቆይ ታገሉ። በጆቪቶ ሳሎንጋ የሚመራው ሴኔት ግን መስከረም 16 ቀን በ12 ድምፅ ለ11 ውድቅ አደረገው። የአሜሪካ ጦር በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰፈሩ እንዲወጣ የተጀመረው ድርድርም ሳይሳካ ስለቀረ፣ በታኅሣሥ የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። እንግዲህ ክላርክን የዘጋው ተራራው ነው፤ ሱቢክን የዘጋው ድምፅ ነው፤ ሁለቱንም ቀላል ያደረገው የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ነው።

ኅዳር 24 ቀን 1992 የአሜሪካ ባንዲራ ወረደ፤ ቤሎ ዉድ የተባለው መርከብ የመጨረሻዎቹን ወታደሮች ይዞ ወጣ። 8 ሺህ ያህል የከተማይቱ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ የሰፈሩን ንብረት ከዘራፊ ጠበቁ፤ ቦታው ነጻ የንግድ ቀጣና ሆነ፤ በ1996 የእስያና የፓስፊክ መሪዎች ጉባኤ አስተናገደ። ትሞታለች የተባለችው ከተማ አልሞተችም። ዳሩ ግን የነጻው ቀጣና ስኬት ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ካርድ ይዘው ለዓመታት ሲመረመሩ የነበሩት ሴቶች ጡረታም ካሳም ሳይኖራቸው ተበተኑ። የጦር ሰፈሩ የፊሊፒንስ ሠራተኞች የአገልግሎት መዝገብ ነበራቸው፤ የሴቶቹ ሥራ ግን በመዝገብ ደረጃ ሥራ ተብሎ ስለማያውቅ የሚጠይቁት መብት አልነበራቸውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዳችንን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባናል። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ባንዶቹ፣ ስለ ሰዓት እላፊው፣ ዘመኑን እያስተካከልን የባሕረኞቹን ትዝታ እንቀበላለን፤ በዚህ ረገድ ከብዙ ኦፊሴላዊ ወረቀት ይልቅ ታማኞች ናቸው። ‘ከተማዋ ተፈጥሮዋ እንዲያ ነበር’ የሚለውን መነሻ ሐሳባቸውን ግን አንቀበልም። ኦሎንጋፖን እንዲያ ያደረጓት የ1947ቱ ውል፣ የፔሶው ምንዛሪ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድና የክሊኒኩ ካርድ ናቸው፤ ሁሉም ፈራሚ ነበራቸው፤ ፈራሚዎቹም በማግሳይሳይ ጎዳና ላይ አልነበሩም። የወጣቶቹ ባሕረኞች ድርሻ እውነተኛ ቢሆንም ከሁሉ አነስተኛው ነው። ትልቁ ድርሻ፣ ሥርዓቱን በየራሳቸው ማኅተም አጽንተው ሲጠየቁ ወደ ሌላው የጠቆሙት የሁለቱ መንግሥታት ነው።